በእኔ ፈንታ ያጠባችው

መጨረሻው ላይ ይቅርታ ይኖራል ብሎ ማንበብ የጀመረ ካለ ከወዲሁ ልንገረው፤ የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው፣ አንዳንዶቹም በዕድሜ የማከብራቸው፣ «ተይው፣ ሳታውቅ ነው» ብለውኛል። ሳታውቅ መሆኑን ከሁሉም በፊት የተረዳሁት እኔ ነኝ። ቂሜም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ሰሚራ እባላለሁ። ስሜን አልቀየርኩም፤ ለምን እንዳልቀየርኩ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ባሌ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሲሞት የብረት አልጋና ቫይረሱን ትቶልኝ ሄደ። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ካርዴን ሌላ ሰው ያነብልኝ ነበር። አንድ ቀን ጎኔ የተቀመጠችውን ሴት «ምን ይላል?» ብዬ ሰጠኋት። ድምጿን ሳትቀንስ አነበበችው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በማግስቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሁን ድሬ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውንም ቢሆን። የተሳሳተ ፊደል ካየሁ እስክሪብቶ አወጣለሁ። ባሌ ሙክታር «አንቺ እኮ ጀነት ስትገቢም በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታርሚያለሽ» ይለኛል።

ሙክታር ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። ሊያገባኝ ሲጠይቀኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ካርዴን አውጥቼ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጨረስሽ? እሺ፣ መቼ ነው ሽማግሌ የምልከው?» አለኝ። እሱ ነጻ ነው። እኔም መድኃኒቴን አንድ ቀን ሳላዛንፍ ስለምወስድ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። ከቤተሰቡ ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ወይም እኛ እንደዚያ መስሎን ነበር።

የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ውስጥ፣ በአማቴ በአዴ ሩቂያ ግቢ ነው። ሦስት በር አለው፤ የአዴ ሩቂያ፣ የእኛና የፈርዶሳ። ፈርዶሳ የሙክታር ታላቅ እህት ናት። ባሏ በጅግጅጋ መስመር የሚነግድ፣ ቤት ከሚያድርበት ውጭ የሚያድርበት የሚበዛ ሰው ነው። ሂባ የምትባል የስምንት ወር ልጅ አለቻት። ፈርዶሳ ሳቋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ፣ እጇ የማይሰስት፣ ሰው ታመመ ሲባል ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ማንበብ አትችልም ነበር።

ያሲንን ልወልድ ሁለት ወር ሲቀረኝ የክትትል ነርሴ ሲስተር አልማዝ አስቀምጣ መከረችኝ።

«ልጅ ከማሕፀን ሲወጣ ባዶ እጁን አይመጣም ሰሚራ። እናቱ በዕድሜዋ የተዋጋችውን በሽታ ደሟ ያስታውሰዋል። ያንን መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ትሰንቅለታለች። አንቲቦዲ የሚባለው እሱ ነው። የራሱን እስኪያበጅ ድረስ በስንቅሽ ነው የሚኖረው።»

«እሺ።»

«ኤች አይ ቪ ካለባት እናት ሲወለድ ግን፣ እሷ መድኃኒቷን በደንብ ብትወስድም፣ ልጁም ነጻ ቢሆን፣ ስንቁ አነስ ሊል ይችላል። ለእኔና ላንቺ ጉንፋን የሆነው ቫይረስ ለእሱ የሳንባ ሕመም ይሆንበታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጡትሽን ብቻ አጥቢው። ለእሱ የምንሰጥሽን መከላከያ ሽሮፕ አታቋርጪ። የሚያስል ሰው አታስጠጊበት። ትንፋሹ በደቂቃ ከስልሳ ካለፈ ደግሞ ነገ አትበይ፣ ሮጠሽ ነይ።» ይህንኑ የያዘ ወረቀት ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር «ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ» ይላል። አጥፌ ያዝኩት።

ልጄ በእኔ ምክንያት ስንቁ የጎደለ ሊሆን ይችላል የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በስንቅ ያጎደልኩበትን በጥበቃ ልሞላለት ወሰንኩ። ያሲን በተወለደ በሳምንቱ በሬ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ «ጉንፋን ያለበት አይግባ። እጁን ያልታጠበ ሕፃኑን አይንካ።»

አራስ ቤት በር ላይ ወረቀት! መጋላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። የአራስ ቤት በር ክፍት ነው፤ የሰፈር ሴት እየገባች፣ ልጁን እየሳመች፣ ዱዓ እያደረገች ትወጣለች። የአፎቻችን ሴቶች፣ ማለትም በሐዘንም በደስታም የምንረዳዳበት የሰፈራችን ማኅበር ሴቶች፣ ሰብሰብ ብለው ሊጠይቁኝ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሙ። ዘሀራ የምትባለው ቀልደኛ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወረቀቱን አየችው።

«አቦ ሰሚራ፣ ይሄ ነገር ማህተም የለውም እኮ! ማህተም የሌለው አንቀበልም።»

«መታወቂያም እንያዝ?» አለች ሌላዋ።

«እኔ ግን ኮቴውን መሳም ይበቃኛል፣ እግሩን አውጪልን!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የቧንቧውን ውሃና ሳሙናውን አሳየኋቸው። አዴ ሩቂያ ኀፍረቷን በሻሿ ሸፈነች። ፈርዶሳ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን ትክ ብላ አይታው ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ያን አስተያየት ንቀት አድርጌ ተረጎምኩት። ስህተቴ ከዚያ ይጀምራል።

ያሲን በተወለደ በሠላሳ አራተኛ ቀኑ የመድኃኒት ቀጠሮዬ ነበር። ክሊኒኩ የሚያስል ሰው ሞልቶበታል ብዬ ልጁን ልወስደው አልፈለግኩም። እስኪጠግብ አጠባሁትና አስተኝቼ ለአዴ ሩቂያ ሰጠኋት።

«በሁለት ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ። ምንም ነገር እንዳትሰጪው አዴ። ውሃም ቢሆን።»

«ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አለችኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ኩርፊያም ሲኖር በአንቺ ነው። «የአንቺን ወረቀት ሳላነብ።»

ፈርዶሳ ጉንፋን ይዟት ሳምንቷን በራሷ ክፍል ነበረች። ሳሏ በግድግዳው ይሰማል። ወረቀቱን አክብራ እንደራቀች አምኜ ነበር፤ እንዲያውም በልቤ አመስግኛታለሁ።

መድኃኒቴን ወስጄ ስመለስ ደቻቱ ሞላ። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ አልጣለም፤ ፀሐይዋ እንደወትሮው ጭንቅላት ትበሳለች። ውሃው የመጣው ከላይ ከተራራው ነው። ከጥቂት ሰዓት በፊት ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የነበረው አሸዋ ላይ ቡናማ ጎርፍ ግንድና ጎማ ይዞ ይንከባለላል። ፖሊሶች ድልድዩን ዘጉት። ባጃጁና ሚኒባሱ ተቆላልፎ ይንጫጫል። ስልክ ደወልኩ፤ የአዴ ሩቂያ አይነሳም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት አለፈ። ወተቴ ሞልቶ ቀሚሴን አልፎ ወረደ። ማዶ ሆኖ የሚያለቅስ ልጅ ያላት ሴት ጡቷ ያውቃል። በነጠላ ሸፍኜ ቆሜ ውሃውን ስሰድበው ነበር።

ድልድዩ ሲከፈት ሮጥኩ። ቤት ስገባ ልጄ ይጮኻል ብዬ ነበር። ጸጥታ ነው። ያሲን ተኝቷል፤ ሆዱ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። ከአራት ሰዓት በላይ ያልጠባ ልጅ እንዲህ አይተኛም። ጎንበስ ብዬ ጉንጩን ሳምኩት። ጉንጩ ሸተተኝ፤ ያ ለጉንፋን ደረት ላይ የሚቀባ፣ ዓይን የሚያቃጥል ቅባት። በአንድ ጉንጩ ብቻ። በግራው ምንም የለም።

ሴቶች ሆይ፣ ልጅ በአንድ ጉንጩ ብቻ የሰው ደረት የሚነካው መቼ እንደሆነ አትነግሩኝም።

«አዴ፣ ማን ይዞት ነበር?»

«አልቅሶ ነበር። ሶላት ላይ ነበርኩ፣ ፈርዶሳ ተቀበለችኝ። ወዲያው ዝም አለላት፣ ማሻአላህ።»

ፈርዶሳ በሯ ላይ ቆማለች። «አባበልኩት እንጂ ሌላ ምንም። አቦ፣ እንደ ዳኛ አትዪኝ!»

«እያሳልሽ?»

«አፌን በሻሼ ሸፍኜ ነበር፣ ወላሂ።»

ወላሂ ያለችው ለሻሹ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በሁለተኛው ቀን ያሲን አፍንጫው ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጡቴን ይይዝና ይለቃል፣ ይይዝና ይለቃል። ልብሱን ገልጬ ደረቱን አየሁ። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባል። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ቆጠርኩ። ሰባ ሁለት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ሰባ አራት።

ሙክታር ሥራ ላይ ነው፤ ማሽን ክፍል ሲገቡ ስልክ አይዙም። አዴ ሩቂያ ለቅሶ ሄዳለች። ግቢው ውስጥ የነበረችው ፈርዶሳ ብቻ ናት። ባጃጅ ጠርታ፣ ሂባን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ሳልጠይቃት ከጎኔ ገባች። ነጂው ሸበቶ ሰው ነው።

«ዋርያ፣ ሆስፒታል! በአላህ ቶሎ!» አለችው። ከዚራ ዛፎች ሥር ስንገባ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰሚራ… አጥብቼዋለሁ።»

ከቅባቱ ሽታ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ግን ከአፏ እንዲወጣ ፈልጌ «ምን?» አልኳት።

«ጡቴን ሰጥቼዋለሁ። ደቻቱ የሞላ ቀን።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ስንት ጊዜ ፈርዶሳ?»

«ወላሂ…»

«ልጄ ትንፋሽ አጥሮት እጄ ላይ ነው፤ አትማይብኝ። ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ይሆናል። ገላሽን ስትታጠቢም። ስትተኚም።»

በእኛ ዘንድ የሌላ ሴት ልጅ አጠቡ ተብሎ ዝም አይባልም። አምስት ጊዜ ጠግቦ የጠባ ልጅ የአጥቢዋ ልጅ ይሆናል፤ ልጆቿም እህት ወንድሞቹ ናቸው፣ አይጋቡም። ስለዚህ ማጥባት በይፋ የሚነገር ነገር ነው። ፈርዶሳ «አንድ ጊዜ» ያለችው ይህን ስለምታውቅ ነው።

«ቁጠሪ» አልኳት። «በጣትሽ፣ እያንዳንዱን።»

ቆጠረች። የቀኝ እጇ ጣቶች አለቁና ወደ ግራው ተሻገረች። ሰባት ላይ ቆመች።

«ለምን?»

«ሽሮፑን አየሁታ!» አለች በለቅሶ። «ያቺ ድሮ ጎረቤታችን የነበረችው ለልጇ ያንኑ ትሰጠው ነበር። ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ገባኝ። በአላህ ሰሚራ፣ የወንድሜን ልጅ በየቀኑ መርዝ ስታጠጪው በግድግዳ እየሰማሁ ልተኛ? ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም አልተናገርኩም! ከአንቺ ወተት የእኔ ሲገባበት ይቀልለታል ብዬ፣ ላድነው ብዬ ነው።»

ይህን ስትሰሙ ልባችሁ የሚራራላት ከሆነ አልፈርድባችሁም። የእኔ ግን ያን ጊዜ ደነደነ። ያቺ ሴት አፏን ከፍታ «ሰሚራ፣ ይሄ ምንድነው?» ብላ ብትጠይቀኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር እመልስላት ነበር። እኔን ከመጠየቅ ልጄን መስረቅ ቀለላት። ሽሮፑ በተቀመጠበት መሳቢያ፣ ከጠርሙሱ ሥር፣ የሲስተር አልማዝ ወረቀት ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ወረቀቱን በእጇ አንስታ፣ ገፋ አድርጋ፣ ጠርሙሱን አይታ መልሳዋለች።

«ወተቴ ልጄን ሲያኖረው ነበር» አልኳት። «የሚገድለው ነገር ካለ ሳልሽ ነው።»

ነጂው በመስታወት አየንና ባጃጁን አፋጠነው። ስንወርድ «አላህ ያሽረው» ብቻ አለ።

ሕፃናት ክፍል ወዲያው ተቀበሉን። ትንሽ ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርገው ኦክስጅን ሰጡት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እየመረመረችው ጠየቀችኝ።

«የእናት የኤች አይ ቪ ውጤት?»

ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት እናቶች አሉ። ድምፄን አልቀነስኩም። «አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ። በመጨረሻው ምርመራ ቫይረሱ አልታየም።»

«ከአንቺ ሌላ ያጠባው ሰው አለ?»

ዞርኩና ወደ ፈርዶሳ ጠቆምኩ። «ይቺ። ሰባት ጊዜ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አቆመች። «አንቺስ ተመርምረሻል?»

«እርጉዝ ሳለሁ» አለች ፈርዶሳ።

«እሱ ቆይቷል። ልጁን ስላጠባሽው ዛሬ ይደገም። ከፈለግሽ እዚሁ ናሙና ይወሰድልሽ።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። እኔ እያየኋት እምቢ ማለት ግን አልቻለችም። ደም ሰጥታ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ጠብቂ አሏት። ከበሩ ሆኜ ወደ ውስጥ ሳይ ልጄን አያለሁ፤ ወደ ውጭ ሳይ እሷን። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ዓይነት አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ባሏን እያሰበች ነው፤ በጅግጅጋ መስመር የሚያድርባቸውን ቤቶች እየቆጠረች ነው። ሂባን እያሰበች ነው።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። «ሰሚራ፣ እህቴ» ብላ እጄን ያዘች። እጄን አወጣሁ።

«ወተትሽ መርዝ ሊሆን ይችላል ፈርዶሳ» አልኳት፣ በቀስታ፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት ድምፅ። «ሂባን ማን ያጥባት? ለእኔ ትሰጫታለሽ?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አልሸሽገውም፤ ጣፈጠኝ። ሰዓቴን እያየሁ ሃያውንም ደቂቃ አጣጣምኳቸው።

ነርሷ መጥታ «ነጻ ነሽ» አለቻት። ፈርዶሳ መሬት ላይ ተደፍታ ሱጁድ ወረደች። እኔ ደስ አላለኝም። ለአንድ ቅጽበት፣ ቅጽበት ብቻ፣ ቅር አለኝ። ወዲያው አፈርኩ፤ ውጤቷ የልጄም ውጤት ነበር። ቅርታውንም ኀፍረቱንም እጽፋለሁ፤ አንዱን ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ አስረዳችኝ። «ሕፃናትን ሳንባ ላይ የሚያጠቃ የጉንፋን ቫይረስ ይመስላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለንም። ኦክስጅን እየሰጠን፣ ፈሳሽ እየሰጠን፣ ሰውነቱ እስኪያሸንፈው እንጠብቃለን።»

«በየትኛው ስንቅ?» አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም።

ሁለት ቀን በቱቦ ተመገበ። ወተቴን በኩባያ አልቤ እሰጣቸዋለሁ፤ ጠብታ እንዳይፈስ እጠብቃለሁ፤ ያ የተናቀ ወተት። ፈርዶሳ በየቀኑ መጥታ በር ላይ ትቆማለች፤ አስገቢኝ አትልም። ሳሏ ስላልለቀቃት አፍንጫዋን ሸፍናለች። እኔም አላናግራትም። ሙክታር ሁሉን ነገር ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ከዚያ ግቢ ዛሬውኑ ትወጣለች» አለ።

«አትወጣም» አልኩት። «ከወጣች ትገላገላለች። እዚያው፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ድምፁን እየሰማች ትኑር።»

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ያሲን አፉን ከፍቶ ወደ ደረቴ ዞረ። ያዘ። አልለቀቀም። ቆጠርኩ፤ አርባ ስምንት። ከዚያ ቀን በፊት ቁጥር አስለቅሶኝ አያውቅም።

ቤት ስንገባ ፈርዶሳን ጠራኋት። «አርባው ስላለፈ አፎቻው በሚቀጥለው ጁምዓ ይመጣል። በሁሉም ፊት ማጥባትሽን ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ፣ ግዴታዬም ነው። ግን ለምን አጠባሽው ቢሉኝ?»

«እውነቱን።»

«ያንቺ ይወጣል እኮ!»

«ይውጣ።»

ደነገጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምስጢሬን መያዟን እንደ ውለታ ይዛው ነበር። ከእጇ ላስጥላት እንደሆነ ያኔ ገባት።

ጁምዓ ሴቶቹ መጡ። ሐልዋና ሳምቡሳ ቀርቧል። ፈርዶሳ ተነሳች፤ ያ ሳቋ የት እንደገባ አላውቅም።

«ያሲንን አጥብቼዋለሁ። ሰባት ጊዜ። የሂባ ወንድም ነው። ምስክር ሁኑ።»

ትንሽ ጉምጉምታ ሆነ። ዘሀራ ናት የሰበረችው። «እንዴ ሰሚራ! በርሽ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ፣ በጓሮ በር ጡት ገባብሽ?» ሴቶቹ ሳቁ። «ምነው፣ እናቱ ወተት አጣች?»

ፈርዶሳ አየችኝ። አፏን ከፈተች። ሳምንቱን ሙሉ ያን ቃል በሰው ፊት ስታምጠው ለማየት ስጠብቅ ነበር። ሲደርስ ግን አልፈለግኩም። ያ ቃል የእኔ ነው። ካርዴን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው አንብቦብኛል፤ ሁለተኛ አይሆንም። ከቦርሳዬ አወጣሁት፣ ቆሜም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስሜን፣ ኤች አይ ቪ እንዳለብኝ፣ መድኃኒቴን፣ የመጨረሻውን ምርመራ። ከዚያ «ፈርዶሳ ወተቴ መርዝ መስሏት ነው» አልኩ። «ከወተቴ ልታድነው ብላ ሳሏን ሰጠችው። አራት ቀን በኦክስጅን ነበር።»

አንዲት ሴት ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሌሎቹ ወለሉን ያያሉ። ያሲን አለቀሰ። አዴ ሩቂያ ከተቀመጠችበት ተነስታ ልጁን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«አጥቢው» አለች። «እዚሁ። ሁሉም ይዩ።»

አጠባሁት። ሲውጥ ይሰማል። ዘሀራ ቀስ ብላ ተነሳች። ልትወጣ ነው ስል ወደ ቧንቧው ሄደች። በሳሙና ክርኗ ድረስ ታጥባ እጇን እንዳንጠለጠለች ተመለሰች።

«አቦ፣ ወረቀት ስትለጥፊ ፎጣ አትሰቅዪም? በምን ልጥረገው?»

ከወራት በኋላ የያሲን ውጤት ነጻ ሆኖ መጣ። አሁን እየዳኸ የመጽሐፎቼን ጥግ ይበላል። የወጡት ሁለት ሴቶች እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ እኔም አልጠብቃቸውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ ከእኔ የምትወስዱት ነገር ካለ ይህን ውሰዱ፤ አራስ ቤት ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከሳላችሁ ከመንገድ ተመለሱ፣ አንዲት ሴት በሯን ከዘጋችባችሁ ከመቀየማችሁ በፊት ምን እንዳስፈራት ጠይቋት። እኔም ጥፋት አለብኝ። በሩ ላይ ሕግ ጻፍኩ እንጂ ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ ማንበብ ለማትችል ሴት ደግሞ ሕጉም ምክንያቱም ያው ወረቀት ነው። ከክፉ ሰው ልጄን መጠበቅ እችል ነበር። ሳይጠይቅ ከሚያዝን ሰው መጠበቅ ግን አላወቅኩበትም። ፈርዶሳን የማልምራት ለዚህ ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ረስቻት ነበር።

አሁን በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ በሬን ታንኳኳለች። እጇን ታጥባ ትገባለች። ፊደል እያስተማርኳት ነው። አዴ ሩቂያ «ማሻአላህ፣ ታረቁ» ትላለች፤ እኔ አላርማትም። በፊደል ላይ ምሕረት የለኝም፤ አንዷን ከሳተች ገጹን ከመጀመሪያው አስጀምራታለሁ። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። አንድም ቀን አልቀረችም።

ባለፈው ሳምንት መሳቢያውን ከፍቼ የሲስተር አልማዝን ወረቀት ፊቷ ዘረጋሁት። ጣቴን ሁለተኛው መስመር ላይ አደረግኩ።

«አንብቢ።»

«ሕ… ፃ… ኑ» አለች። ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። «ሕፃኑ… እስከ… ስድስት ወር… የእ… ና… ቱን…» ቆመች። ወረቀቱን ታውቀዋለች። ገፋ አድርጋ ያለፈችው እሱ ነው።

«ቀጥዪ።»

«የእናቱን… ጡት…» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ብቻ… ይጥባ።»

እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ሳብ አድርጌ አነሳሁት፤ ቀለሙ እንዳይለቅ። እስክትረጋጋ ጠበቅኩ። ከዚያ መልሼ ፊቷ ዘረጋሁትና ጣቴን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አደረግኩ።

«ድገሚው» አልኳት።